የተሰረዘው ማስጠንቀቂያ

ፍሪጅ ጠጋኙ በዝናብ ፍቅር የወደቀው በሥራው ሰበብ ነው። ሙቅ አየር ቀዝቃዛ ብረት ሲነካ እንዴት እንደሚያልበው፣ ግፊት ሲወርድ ጋዝ እንዴት እንደሚበርድ ሃያ ዓመት ሙሉ በእጁ ሲዳስስ የኖረ ሰው፣ አንድ ቀን ከሱቁ ደጃፍ ቆሞ ሰማዩን ቀና ብሎ አየና «ይሄ እኮ ያው የኔው ሥራ ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ አልዳነም። ጣሪያው ላይ የዝናብ መለኪያ ተከለ፤ ከመሥሪያ ጠረጴዛው በላይ የአየር ግፊት መለኪያ ሰቀለ፤ ስልኩን ከፍቶ የራዳሩን ምስል ሳያይ ቁርስ አይቀምስም። ሚስት አላገባም። ታናሽ እህቱ «ከደመና ጋር ጣውንት ሆና የምትኖር ሴት ከየት ትምጣ» እያለች ታሾፍበት ነበር።

እንደሱ ያበዱ ሌሎችም እንዳሉ ያወቀው በስልክ ላይ ቡድን ከከፈቱት ሰዎች ጋር ሲገናኝ ነው። ሰብሳቢያቸው ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ሁሉም «መምህር» ነው የሚሏቸው። መጀመሪያ ላይ ሠላሳ ሰው ቢሆኑ ነው። በኋላ አንድ ሁለት ማዕበል አስቀድመው በትክክል ተናገሩና ሾፌሩም፣ ነጋዴውም፣ ልብስ አጣቢዋም ገባ፤ አራት ሺህ ደረሱ። ከማዘጋጃ ቤትም አንድ ባለሥልጣን ገብቶ ድምፁን አጥፍቶ ያነብ ጀመር። ያኔ መምህሩ ሥርዓት አወጡ፤ ሁሉም ያነባል፣ የሚጽፉት ግን ስድስት የተመረጡ ሰዎች ብቻ ናቸው። ፍሪጅ ጠጋኙ ከስድስቱ አንዱ ነበር።

ስድስቱ እንደ ኳስ ደጋፊ በሁለት ይከፈላሉ። የሚከራከሩት በሁለት የኮምፒውተር ሞዴሎች ላይ ነው። ትልቁ ሞዴል የዓለምን አየር በሙሉ ያሰላል፤ ግን ከሩቅ ስለሚያይ ኮረብታና ሜዳ ለሱ አንድ ናቸው። ትንሹ የነሱን አካባቢ ብቻ ነው የሚያሰላው፤ እያንዳንዷን ጉብታ ለይቶ ያውቃል፤ ግን ኮሽ ባለ ቁጥር የሚባንን ነው፤ ከሦስት ጩኸቱ አንዱ ውሸት ነው። መምህሩ የትልቁ ሰው ናቸው። ፍሪጅ ጠጋኙ ደግሞ የትንሹ።

ትንሹን ማመኑ አንድ ጊዜ አዋርዶታል። ይህ ታሪክ ከሆነባት ሐሙስ ሁለት ወር ቀደም ብሎ «ነገ ከሰዓት በኋላ ከባድ ዶፍ ይወርዳል» ብሎ ጻፈ። ትምህርት ቤቶች የስፖርት ቀናቸውን ሰረዙ፤ የመንገድ ዳር ነጋዴዎች ዕቃቸውን ሸራ አልብሰው ዋሉ። በማግሥቱ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ «ዶፍ» ሆነ። ፍሪጅ ሊያሠሩ የሚመጡ ደንበኞች ሳይቀሩ «ዶፍ አለ? ወይስ ዛሬም ቀረ?» እያሉ በሩን ያንኳኳሉ። አብሯቸው ይስቃል። ሆዱ ግን እንደ ኮሶ መርሮታል።

ያላሾፈበት ሰው ቢኖር የእህቱ ባል ነው። አናጢ ነው። የእንጨት ሥራ ቤቱ ታችኛው ሰፈር፣ ወንዙ ጥግ ላይ፣ ከመንገዱ አምስት ደረጃ ወደ ታች ተወርዶ የሚገባበት ክፍል ውስጥ ነበር። ያን ጊዜ ማስጠንቀቂያውን አምኖ ሳንቃውን ሁሉ ብቻውን ወደ ላይ ሲያወጣ ውሎ፣ በማግሥቱ መልሶ ሲያወርድ ዋለ። ፍሪጅ ጠጋኙ ይቅርታ ሊጠይቅ ቢሄድ «ምን ይቅርታ አለው፣ አማቼ፤ በዚሁ ሰበብ ወለሉ ተጠረገ። ስድስት ዓመት መጥረጊያ አይቶ አያውቅም» አለው።

መምህሩ ግን ቤታቸው ጠርተው፣ በር ዘግተው አነጋገሩት።

«ሰው ይስታል፤ አልቆጣህም» አሉ። «ሁለተኛውን ግን ስማችን አይችለውም። ማዘጋጃ ቤቱ የአደጋ አማካሪ ኮሚቴ ሊያቋቁም ነው። አንዱ ወንበር የእኛ ሊሆን ይችላል።»

«የእኛ» ሲሉ «የእኔ» ማለታቸው እንደነበር የገባው በኋላ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሁለቱ ሞዴሎች እንደ ልማዳቸው አልተስማሙም። ትልቁ፣ ማዕበሉ በምሥራቅ በኩል ሜዳውን ይዞ ያልፋል አለ። ትንሹ፣ ከከተማዋ በላይ ካሉት ኮረብቶች ጋር ተላትሞ እዚያው ይቆማል፤ ወንዙም ይሞላል አለ። ስድስቱ ሲከራከሩ አረፈዱ። ፍሪጅ ጠጋኙ ግን እንዳለፈው ጊዜ ዘሎ አልገባበትም። «እስኪ ራዳሩን እንጠብቅ» ብሎ ብቻ ጽፎ፣ ከምግብ ቤት የመጣ አንድ ትልቅ ፍሪጅ ጀርባውን ፈቶ ሥራውን ያዘ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ራዳሩ ኮረብቶቹ ላይ ቀይ ነጥብ አሳየ። የራዳሩ ምስል በየአሥር ደቂቃው ነው የሚታደሰው። ቀዩ ነጥብ ሰፋ፤ ወደ ምሥራቅም ጥቂት ሄደ። ትልቁ ሞዴል ልክ ነበር ማለት ነው ብሎ መፍቻውን ሊያነሳ ሲል፣ ከኋላው፣ የመጀመሪያው በተወለደባት በዚያችው ቦታ ሌላ ነጥብ ተወለደ። ቀጥሎ ሦስተኛ። እያንዳንዱ ወደ ምሥራቅ ሲሄድ ሌላው ከኋላ ይተካል። ከሩቅ ላየው ማዕበሉ የሚያልፍ ይመስላል፤ ዝናቡ ግን ከአንድ ኮረብታ ላይ አልተነቃነቀም። ያ ኮረብታ ውሃውን የሚያወርደው ደግሞ ወደ ሌላ የትም ሳይሆን ወደ ታችኛው ሰፈር ወንዝ ነው።

አምስተኛውን ምስል እስኪያይ ጠበቀ። «ዶፍ መጣ» የሚለው ሳቅ ጆሮው ላይ አቃጨለበት። ቢሆንም ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ጻፈው፦ «ኮረብታው ላይ ዝናቡ ቆሟል። ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ወንዙ ይሞላል። ታችኛው ሰፈር ያላችሁ አሁኑኑ ወደ ላይ ውጡ። ንብረት ለማትረፍ አትቆዩ።»

አናጢው መልእክቱን እንዳየ መጋዙን አጥፍቶ፣ የመሣሪያ ሳጥኑን ተሸክሞ፣ በሩን ቆልፎ ወጣ። ይህን ፍሪጅ ጠጋኙ ከጎረቤቶች የሰማው በኋላ ነው። አናጢው ላይኛው መንገድ ደርሶ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ቆሞ ነበር። ድኖ ነበር።

ከአሥራ ሁለት ደቂቃ በኋላ መልእክቱ ጠፋ። በቦታው የመምህሩ ጽሑፍ ተተካ፦ «ያልተረጋገጠ ማስጠንቀቂያ በስህተት ወጥቶ ስለነበር ተነስቷል። አባላት ተረጋግታችሁ ሥራችሁን ቀጥሉ።»

ፍሪጅ ጠጋኙ መልሶ ሊጽፍ ቢል ስልኩ እምቢ አለው። የመጻፍ ፈቃዱ ተነጥቋል። ደሙ ፈላ። ለመምህሩ ለብቻቸው ጻፈ፦ «ምን ማድረግዎ ነው? ራዳሩን አላዩትም?»

«አይቻለሁ። ወደ ምሥራቅ እየሄደ ነው። ከማዘጋጃ ቤት ደውለውልኝ ነበር፤ ሕዝብ ልታተራምሱ ነው ወይ ይሉኛል።»

«የሚሄደው ምስሉ ነው እንጂ ዝናቡ አይደለም።»

«ያን ጊዜም እንዲሁ እርግጠኛ ነበርክ።»

ይቺ ቃል ልቡን ወጋችው። አሁን ነገሩ የወንዝ መሆኑ ቀረና የሁለት ሰው እልህ ሆነ። አምስቱን የራዳር ምስሎች አንድ በአንድ ላከ። በያንዳንዱ ላይ ቀስት ሳለ። ከሦስት ዓመት በፊት መምህሩ ራሳቸው የሳቱትን ትንበያ ፈልጎ አውጥቶ ላከ። እሳቸውም ከመጽሐፍ ገጽ አንስተው ላኩ። እሱም የገጹን ቀጣይ አንቀጽ ጠቀሰላቸው።

በዚህ መሀል ስልኩ ጠራ። የአናጢው ስም ነው። ጥሪው የሚጽፍበትን ገጽ ሸፈነበት። «መልእክቱን አይቶ መውጣቱን ሊነግረኝ ነው፤ በኋላ እደውልለታለሁ» አለና ዘጋው። ከዘጠኝ ደቂቃ በኋላ እንደገና ጠራ። ያን ጊዜ መምህሩን አፍ የሚያስይዝ አንድ ዓረፍተ ነገር ጀምሮ፣ ማሰሪያው ብቻ ነበር የቀረው። አሁንም ዘጋው።

ዓረፍተ ነገሩ ያማረ ነበር። መምህሩ አንብበው መልስ አልሰጡም። አሸነፍኩ ብሎ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ስምንት ሰዓት ከአምስት ሆኗል። ያኔ ነው ከታች በኩል፣ ከባድ መኪና ጠጠር ሲገለብጥ የመሰለ የማያቋርጥ ድምፅ የሰማው።

እየሮጠ ደወለ። አይነሳም። ቁልቁለቱን ሲጨርስ መንገዱ የለም፤ ያለው ውሃ ነው። ቡናማ ውሃ፣ በር ተሸክሞ፣ ወንበር ተሸክሞ፣ መኪና በጎኑ አስተኝቶ ይወርዳል። ሰዎች ወገቡን ይዘው አስቀሩት። በረንዳ ላይ የነበረው ባለሱቅ እየጮኸ ነገረው፤ «እዚሁ ከኔ ጋር ቆሞ ነበር። ስልኩን አየ፤ ደዋወለ፤ ከዚያ ‹ተነስቷል፣ ውሸት ነው› ብሎ ተመለሰ። የጀመርኩትን ልጨርስ ብሎ ነው፤ አልጠራጠርም፣ ቁምሳጥን ነገ ላስረክብ ነው ይል ነበር።»

አናጢውን በማግሥቱ ጠዋት አገኙት። አምስቱ ደረጃ ላይ ነበር፤ ሦስተኛው ላይ። ከላይ ያለውን በር በርጩማ፣ ሳንቃና ጭቃ ዘግቶበታል።

የእህቱ ቤት በሰው ተሞላ። ሦስተኛው ቀን ላይ፣ ሰው ጋብ ሲል፣ እህቱ ወደ ማድ ቤት ጠራችው። ፊቷ አብጦ ዓይኗ ጠፍቷል።

«ጋሼ፣ ሁለት ጊዜ ደውሎልህ ነበር አይደል?»

«አዎ» አለ።

«አንተ ስላላነሳህ ለኔ ደወለ። ‹ወንድምሽ አያነሳም፤ ማስጠንቀቂያውንም አንስተውታል፤ ልመለስ ወይስ ልቆይ?› አለኝ። እኔ ደግሞ... ያለፈው ጊዜ ትዝ አለኝና፣ ‹ምን ታደርጋለህ እዚያ ቆመህ፣ ተመለስ እንጂ› አልኩት።» በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። «ምን ላይ ሆነህ ነው ያላነሳኸው?»

መልሱ አፉ ላይ ነበር። ግን ዓይኗን ሲያይ ሌላ መልስ ወጣ።

«ያን ትልቁን ፍሪጅ ከፍቼ፣ እጄ ዘይት ነክቶት... ስልኩ ከሩቅ ነበር።»

«እሺ» አለች። «ሥራ ላይ ከነበርክማ ምን ታደርግ።» እሷ ናት ያጽናናችው። ትከሻውን መታ መታ አድርጋ ወደ እንግዶቹ ተመለሰች።

መምህሩም ለቅሶ ደረሱ። ጥቁር ኮት ለብሰው፣ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠው፣ «ምን ይደረጋል፣ የተፈጥሮ ነገር» አሉ። ፍሪጅ ጠጋኙ ጥርሱን ነክሶ ውሃ አቀረበላቸው።

በሳምንቱ ሬዲዮ ላይ ሰማቸው። ጋዜጠኛው «ቡድናችሁ አስቀድሞ አውቆ ነበር ይባላል» ሲላቸው፣ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና «አዎ፤ ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ማስጠንቀቂያ አውጥተናል» አሉ። የፍሪጅ ጠጋኙን ቃል፣ «ንብረት ለማትረፍ አትቆዩ» የሚለውን ሳይቀር፣ ከነነጥቡ አነበቡት። ሳይሰርዙት በፊት ገልብጠው አስቀምጠውታል ማለት ነው። ስለ መሰረዙ አንድ ቃል አልወጣቸውም፤ «ተነስቷል» የሚለውን የራሳቸውን ጽሑፍም ከቡድኑ አጥፍተውታል። አንብበው የነበሩ ሰዎች አልነበሩም ወይ ቢባል ነበሩ፤ ግን ከአራት ሺህ ሰው በዚያ አሥራ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ስልኩን ያየው ጥቂት ነው፤ ከጥቂቱም ታችኛው ሰፈር የነበረው አሁን የራሱን ጭቃ እያወጣ ነው። ከወር በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ ለመምህሩ የምስክር ወረቀት ሰጣቸው። ወንበሩንም አገኙ።

ፍሪጅ ጠጋኙ በምስክር ወረቀቱ ማግሥት ቤታቸው ሄደ። ሳሎናቸው እንደ መማሪያ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ሁሉ ካርታ ነው። ምስክር ወረቀቱ ከሁለት ካርታ መሀል ቦታ ተፈልጎለት ተሰቅሏል።

«ተቀመጥ» አሉት።

«ቆሜ ይሻለኛል። እውነቱን ይናገሩ ልልዎት ነው የመጣሁት። ካልተናገሩ እኔ ሬዲዮ ጣቢያው እሄዳለሁ። የጻፉልኝ ሁሉ ስልኬ ላይ አለ።»

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉ። ሰውየው በአንድ ወር ውስጥ እጅግ አርጅተዋል።

«እንቅልፍ የሚወስደኝ ይመስልሃል?» አሉ። «እኔ ሰው ልግደል ብዬ አላነሳሁትም። ትልቁ ሞዴል ያልፋል አለ፤ ባለሥልጣኑ ስልኬ ላይ ይጮኻል፤ አንተ ደግሞ ከዚያ በፊት ስተህ ነበር። ያለኝን ይዤ ፈረድኩ። ተሳሳትኩ።»

«ተሳሳትኩ ማለቱን ለእኔ ሳይሆን ለሬዲዮው ነበር የሚሉት።»

«ልክ ነህ። ሂድና ንገራቸው።» መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ስልክህን ስታሳያቸው ግን ሰዓቱም አብሮ ይታያል። ሰባት ከሠላሳ ሁለት እስከ ስምንት ከአምስት፣ ሠላሳ ሦስት ደቂቃ። አሥራ ዘጠኝ መልእክት ልከህልኛል፤ ቆጥሬዋለሁ። እህትህ ለቅሶ ቤት ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ‹ምስኪን ወንድሜ፣ ፍሪጅ ከፍቶ እጁ ዘይት ሆኖ ነው ስልክ ያላነሳው› አለችኝ። ዝም አልኳት። እኔ ስለ አንተ ዝም ብያለሁ።»

ፍሪጅ ጠጋኙ ወደ በሩ ዞረ። የሰውየው ክፋት እንዳለ ነው፤ ያናደደው ግን እሱ አልነበረም። ያሉት ነገር እውነት መሆኑ ነው። ሳይሰናበት ወጣ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን በሆዱ ይዞ አምስት ወር ኖረ። ቡድኑን ለቀቀ፤ የዝናብ መለኪያውን ከጣሪያ አወረደ። እህቱ ቤት በየእሑዱ ይሄዳል። እሷ እየከሳች ሄደች። አንድ እሑድ የተሰበረ የመስኮት መቀርቀሪያ ሊያስተካክልላት ወንበር ላይ ቆሞ ሳለ፣ ከኋላው ሆና፣ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ፣ «‹ተመለስ› ባልለው ኖሮ» አለች። ይህንን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማው አያውቅም። ያን ቀን ግን ከወንበሩ ወረደ።

«ተቀመጪ» አላት። «የምነግርሽ አለ።»

ስለ መምህሩ ነገራት። መልእክቱን ማን እንደሰረዘው፣ ለምን እንደሰረዘው፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ሬዲዮው፣ ሁሉን ከስሩ ነገራት። በጥሞና ሰማችው። ፊቷ ላይ ከስንት ወር በኋላ ደም ተመለሰ። «እኒያ ሰውዬ፣ እዚህ ቤት ተቀምጠው ውሃ ጠጥተው...» አለች።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም» አለ። ቀጥሎ ስለ ራሱ ነገራት። እጁን ዘይት አልነካውም ነበር። ስልኩ መዳፉ ውስጥ ነበር። ሁለት ጊዜ ዘግቶበታል፤ ሁለተኛውን የዘጋው አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ነው።

ውጭ ጎረቤት ምንጣፍ ሲያራግፍ ይሰማል።

«የመምህሩን ቀድመህ ነገርከኝ» አለች እህቱ በመጨረሻ።

«እንዴት?»

«የራስህን ማስቀደም ትችል ነበር። እሱን መጀመሪያ እንድጠላ ፈለግህ፤ ለአንተ እንዳይተርፍ።»

ሳያስበው ያደረገው ነገር ነው፤ ግን አድርጎታል።

«ስልኩን መዝጋትህን ይቅር እል ነበር» አለች። «ሰው ሲናደድ አያስተውልም። ባሌም ቢሆን ይቅር ይልህ ነበር፤ ታውቀዋለህ። እኔ ግን ስድስት ወር ሙሉ ‹ገደልኩት› እያልኩ ሲነጋልኝ ሲመሽብኝ፣ አንተ እዚህ መጥተህ መስኮት ትጠግናለህ። አንድ ቃል ብትለኝ ግማሹን ሸክም ታወርድልኝ ነበር። ተሸክሜው ስጎብጥ እያየህ ምሳህን በልተህ ሄድክ።»

«ፈርቼ ነው።»

«አውቃለሁ። በል አሁን ሂድ፣ ጋሼ።»

ድምፅዋ አልጨመረም፤ አላለቀሰችም። መቀርቀሪያውን ግማሽ ላይ ትቶ፣ መሣሪያውን ሰብስቦ ወጣ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሬዲዮ ጣቢያው ሄደ። መልእክቶቹን ከነሰዓታቸው፣ የራሱን ጉድ ሳይደብቅ፣ ለጋዜጠኛው አሳየው። ጋዜጠኛው አየት አየት አደረገና «አሁን እኮ ነገሩ ቆይቷል፤ ሕዝቡም ተጽናንቷል። መምህሩ ደግሞ በየጠዋቱ ትንበያ የሚሰጡን እሳቸው ናቸው» አለው። ሊያስብበት ቃል ገባለት። አልደወለም።

ዘንድሮ እህቱ ያን ቤት ለቃ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ ከባሏ ዘመዶች አጠገብ ገብታለች። ዕቃዋን ያጓዙላት የባሏ ወንድሞች ናቸው፤ እሱ የሰማው ከሄደች በኋላ ነው። ሰላምታ ትልክለታለች፤ በአክስታቸው በኩል። አክስትየው ሱቁ ድረስ እየመጣች «እህትህ ደህና ነች፣ ሰላም በይልኝ ብላለች» ትለዋለች። እሱም «እኔም ሰላም ብያለሁ በያት» ይላል። አክስትየው ምን እንደተጣሉ አንዳንዴ ትጠይቀዋለች። ምንም አልተጣላንም ይላታል፤ መፍቻውንም አንስቶ ወደ ፍሪጁ ጀርባ ይዞራል።